ከአንድ ቤት አንድ ይበቃል

ያን የምርጫ ሰሞን በኬንያው ሞያሌ ውስጥ ከእኔ የባሰ ለፍላፊ አልነበረም። ማንያታ ሰፈር ባለችኝ ሻይ ቤት የገባ የወጣውን ሁሉ ፓርቲ ምን እንደሚረባው እጠይቅ ነበር። «ፓርቲህ ውሃ ይቀዳልሃል? ልጅህን ያሳክምልሃል?» እላለሁ ማንዳዚውን፣ በዘይት የተጠበሰውን ሊጥ፣ እያቀረብኩ። ደንበኞቼ ይስቁብኛል። እነሱ ጎሳ አላቸው። ሽማግሌዎቻቸው ዛፍ ሥር ተቀምጠው የትኛው ወንበር በየትኛው ፓርቲ ለማን እንደሚሆን ከተስማሙ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። እኔ ደግሞ አባቴ ከደጋ ወርዶ እዚሁ የቀረ ሐበሻ ነኝ፤ የኬንያ መታወቂያ አለኝ፣ ጎሳ የለኝም። ስለዚህ በዚህ ከተማ ጉዳዩን አይቶ የሚመርጥ ሰው ካለ እኔ ነኝ እያልኩ እኮራ ነበር።

ጉዳዬም አንድ ነበር። ከምርጫው ሁለት ዓመት በፊት ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ስትል ደም ፈሰሳት። ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ሐኪም ፈቃድ ላይ ነበር። ድንበሩን ተሻግረን ብንጠይቅ እዚያም አልተገኘም። ማርሳቢት ሆስፒታል ትሂድ ተባለ፤ አምቡላንሱ ግን ጎማ ስላልነበረው ድንጋይ ላይ ቆሟል። ሽንኩርት ያራገፈ ፒክአፕ ለምኜ፣ ከኋላው ፍራሽ አንጥፈን ወጣን። አስፋልቱ ገና አላለቀም ነበር። አንዲት ነርስ ተረኛ እንኳ ሳትሆን አብራን ተሳፈረች፤ ባለቤቴን ጭኗ ላይ አስተኝታ መንገዱን ሙሉ ደሙን ለማቆም ስትታገል ዋለች። ባለቤቴ ተረፈች። ልጁ ወንድ ነበር፤ ማርሳቢት ስንደርስ ልቡ መምታት አቁሟል። ከዚያ ወዲህ የሽንኩርት ሽታ አልችልም፤ ሻይ ቤቱ ውስጥ ሽንኩርት የምትከትፈው ባለቤቴ ናት።

ምርጫው ሲቃረብ ያቺ ነርስ ለዋርዳችን፣ እንደ ቀበሌ ላለው የምርጫ ክልላችን፣ ተወካይነት በግል ተወዳደረች። የመንግሥት ሠራተኛ መወዳደር ስለማይችል ሥራዋን ለቀቀች። ፓርቲ የላትም። የዳበል መንደር ልጅ ናት፤ የገዛ ጎሳዋ ሽማግሌዎች እንኳ ቀድመው ለሌላ ሰው ቃል ገብተው ስለነበር አልመረቋትም። የምታወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የዋርዱ ገንዘብ ሲመጣ መጀመሪያ አንድ አምቡላንስ፣ ከነሾፌሩ፣ ከነነዳጁ፣ ከነትርፍ ጎማው። የሽማግሌዎቹ ዕጩ ሻይ ቤቴ በመጣ ጊዜ ስለ አምቡላንስ ብጠይቀው «እናየዋለን» አለኝና ሁለተኛ ሻይ አዘዘ።

ባለቤቴ አንድ ቀን ዕቃ እያጠበች፣ «ሌላውን አምስቱን የምርጫ ወረቀት እንዳሻህ አድርገው፤ የዋርዱ ግን የሲስተር ነው» አለችኝ።

«ሌላ ማንን ልመርጥ ኖሯል?» አልኳት፤ ስለጠረጠረችኝ ተናድጄ።

«አምቡላንሱ ከመጣ እንደገና እንሞክራለን» አለች። ልጅ ማለቷ ነው። ከዚያ ፒክአፕ ወዲህ ይህን ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ደስ አለኝ፤ ያን ቀን ደንበኛው ሁሉ ምን አግኝተህ ነው እስኪለኝ ድረስ ደስ አለኝ።

ለምርጫው አንድ ሳምንት ሲቀረው ጠዋት ጠዋት እኔ ዘንድ ሻይ የሚጠጡ አንድ ሽማግሌ ሌላው ሲወጣ ቀሩ። ለእኔ ደግ ሰው ናቸው። ካለፈው ምርጫ በኋላ ከተማው ታምሶ ቤት ሲቃጠል፣ እኛም ከሌላው ጋር ወደ ኢትዮጵያው ሞያሌ ስንሸሽ፣ በራችን ላይ ቆመው «ይሄ የሐበሻ ነው፣ አትንኩ» ብለው ሻይ ቤቴን ያተረፉልኝ እሳቸው ናቸው።

«ኩራህን ለእገሌ ስጥ አልልህም» አሉኝ። ድምፅን እዚህ በስዋሂሊው ኩራ፣ ፓርቲን ቻማ፣ እሺን ሳዋ ነው የምንለው። «አንተ እንግዳችን ነህ፣ ቻማ የለህም፣ ሳዋ። ግን ትምህርት ቤቱ ውስጥ እናንተ በተመዘገባችሁበት ክፍል ከእኛ ሰዎች ሌላ ያላችሁት አንተና ሚስትህ ናችሁ። ማታ ይቆጠራል፤ ጠዋት የውጤቱን ወረቀት በሩ ላይ ይለጥፉታል። ሁላችንም ማንበብ እናውቃለን።»

«እሺ አባ፣ ገብቶኛል» አልኳቸው። የሻያቸውን ከፍለው ወጡ።

በምርጫው ቀን ባለቤቴ ቀድማኝ ገብታ ወጣች። እኔ ከፕሬዚዳንቱ እስከ ዋርዱ ያሉትን ስድስቱን ወረቀት ይዤ ከካርቶኑ ከለላ ጀርባ ቆምኩ። አምስቱን ቶሎ ጨረስኳቸው። ስድስተኛው ላይ የሲስተር ፎቶ አለ፤ ፎቶ ስትነሳ ፈርታ ነው መሰለኝ ዓይኗ ፈጧል። ሻይ ቤቴ ሲነድ ታየኝ። ወዲያው ምክንያቱ ተደራርቦ መጣልኝ። ሲስተር እንደሆነ አታሸንፍም። ባለቤቴ ደግሞ ሰጥታታለች፣ ከአንድ ቤት አንድ ይበቃል። ሁለት ከሆነ እኛ መሆናችን ይታወቃል፤ አንድ ከሆነ ግን የተሳሳተ ሰው አለ ይሉና ያልፉታል። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ከለላው ውስጥ፣ ምናልባት አንድ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ነው። የሽማግሌዎቹን ሰው መረጥኩ።

ባለቤቴ በሩ ላይ ትጠብቀኝ ነበር። «ሰጠሃት?» አለችኝ።

«ሰጠኋት» አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስነሳ አብሬህ ልሂድ አለችና ተያይዘን በትምህርት ቤቱ በኩል አለፍን። ወረቀቱ በሩ ላይ ተለጥፏል። የምርጫው ቀለም ገና ባልለቀቀው ጣቷ ስሞቹን ከላይ ወደ ታች እየነካች ወርዳ ከሲስተር ስም ላይ ቆመች። አንድ ይላል። ጣቷን ሳታነሳ ቆየች። እኔ ጫማዬን አያለሁ። ከኋላችን ሰዎች መጡ፤ ቦታ ለቀቅንላቸው።

«ዳቦው እንዳያልቅ» አለችኝና መንገድ ጀመረች። ከዚያ ወዲህ ያን ወረቀት አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የተሳሳተ ሰው አለ ብሎ ያለፈ ግን አልነበረም። ያቺ አንድ ድምፅ የእኔ ናት ተባለ፤ ስለ ጉዳይ ስለፈልፍ የከረምኩት እኔ ነኛ። ባለቤቴን የጠረጠረ የለም። ሽማግሌው ሻያቸውን ከእኔ ፊት ለፊት ካለው ቤት መጠጣት ጀመሩ፤ ሌላውም ተከተላቸው። ማንዳዚው ከሰዓት በኋላ ትሪው ላይ ይደርቃል።

አንድ ቀን አልቻልኩም፤ ሽማግሌውን መንገድ ላይ ጠብቄ፣ «አባ፣ እኔ አይደለሁም» አልኳቸው። ይህንን ስል ሚስቴን አሳልፌ መስጠቴ እንደሆነ አውቄ ነው ያልኩት። ማፈሬን እዚህ ብጽፈው የሚቀንስልኝ ነገር የለም።

«ታዲያ ሚስትህ ናት?» አሉና ሳቁ። «ሴት ባሏ ያላለውን ትመርጣለች? ተወው ሐበሻ፣ ወንድ ከሠራ በኋላ አይክድም።»

የሽማግሌዎቹ ሰው አሸንፎ በዋርዱ ገንዘብ የስብሰባ አዳራሽ አሠራ። ፍየሎች ጥላው ሥር ይተኛሉ። አምቡላንስ አልመጣም። አንድ ጠዋት ከቦሪ መንደር የመጣች ነፍሰ ጡር ሞተር ሳይክል ላይ በሁለት ሰዎች መካከል ተደግፋ በሻይ ቤቴ በር ስታልፍ አየናት። ባለቤቴ ቢላዋዋን አስቀምጣ ከዓይኗ እስክትርቅ ተመለከተቻት። በዚያው ሳምንት ስለ ልጅ ደፍሬ አነሳሁባት።

«በምን መኪና?» አለችኝ። እኔም ሁለተኛ አላነሳሁም።

ሲስተር ልትሰናበተን የመጣችው ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ወደ ሥራዋ የሚመልሳት ስላጣች ኢሲዮሎ ከተማ ሄዳ ሥራ ልትሞክር ነበር። ሻይ ቤቱ ባዶ ስለነበር መሀል ላይ ተቀመጠች። ከስታለች። ባለቤቴ ሻይ ቀዳችላት። ሲስተር ብርጭቆውን ሳትነካ እጄን ያዘችኝ።

«እናንተ በመረጣችሁበት ክፍል ያገኘኋት አንድ ድምፅ ያንተ መሆኗን ነገሩኝ፤ ገበያህንም እንዳጣህባት ሰምቻለሁ» አለችኝ። «ጎሳዬ የፈራውን አንተ እንግዳው ምን አስደፈረህ?»

እውነቱን ልነግራት እጄን ከእጇ አስለቅቄ ወደ ባለቤቴ አየሁ።

ባለቤቴ ከወዲያ ሽንኩርቷን እየከተፈች፣ ቀና ሳትል በእኔ ፈንታ መለሰችላት፤

«ልጁ እኮ የሱም ነበር፣ ሲስተር።»