ነጭ ሽንኩርት የገባበት የሐሙስ ድስት

ለዮካስታ አንድ ተራ ቀን አምስት መቶ ሰባ አምስት ፔሶ ይፈጃል። ሦስት መቶው ለሆድ፣ መቶ ሃምሳው ለባሏ ለኤሊሂዮ ሞተር ቤንዚን፣ መቶው ለውሃ ቦቴ። የቀረችዋን ሃያ አምስት ፔሶ ኤሊሂዮ ሎተሪ ይቆርጥባታል። እሱ «ኢንቨስትመንት ነው» ይላል። እሷ የምትለውን በጾም መጻፍ ነውር ነው።

ከሁሉም የሚያንገበግባት የውሃው ነው። ቧንቧው መንደራችን የሚመጣው ደስ ሲለው ብቻ ነው። ጣሪያው ላይ ሮቶ ያለው ያጠራቅማል፣ የሌለው ከቦቴ ይገዛል። ስለዚህ ዮካስታ ዘንድሮ ለስቅለት በስኳርና በወተት የሚሠራውን ጣፋጭ ቦሎቄ ሠርታ፣ ለበዓል ከዋና ከተማው ለሚጎርፈው ሰው ሸጣ፣ ሮቶ ልትገዛ ቆረጠች። ቦሎቄውንና ስኳር ድንቹን ጓሮዋ ውስጥ አምርታለች። ስኳሩን፣ ኮኮናቱን፣ ዘቢቡንና የቆርቆሮ ወተቱን ከቀን ወጪዋ እየቆነጠረች ገዛች። ሌላ ቦሎቄ መግዣ ግን አንድ ፔሶ አልተረፋትም።

በእኛ ዘንድ ጾም ማለት ሥጋ ትቶ በስኳር መወፈር ነው። በጸሎተ ሐሙስ ጣፋጭ ቦሎቄ የማይንተከተክበት ቤት የለም። ጎረቤት ለጎረቤት በዕቃ ይላላካል፣ ከዚያ ሁሉም የሌላውን እየላሰ ያማል።

ሐሙስ ጠዋት ዮካስታ ቦሎቄውን በትልቁ ድስት ጥዳ፣ ስኳር ድንች ልትቆፍር ጓሮ ወረደች። ኤሊሂዮ ማድቤት ብቅ አለ። ዕድሜ ልኩን ምሳውን ቦሎቄ ሲበላ የኖረ ሰው፣ ድስት ሙሉ ቦሎቄ ጨው ሳይነካው ሲፈላ ቢያይ ምን ያድርግ? አዘነላት። ነጭ ሽንኩርት ወቀጠ፣ ቃሪያ ከተፈ፣ የድንብላል ቅጠል በጠሰ፣ ጨው ነሰነሰ።

ሽታው ዮካስታን ከጓሮ ጠራት።

«ኤሊሂዮ! ምን አደረግክ?»

«ማጣፈጫውን ረስተሽዋላ! አገዝኩሽ።»

«ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ሐሙስ።»

«ምን ሐሙስ?»

ማንኪያው እጁ ላይ ቀረ። «ውይ!» አለ። «ቢታጠብ አይለቅም?»

«መጀመሪያ አንተን አጥቤ ልየው!»

ባልዲ ደፍታ ተቀመጠችበት። እንባዋ ሊመጣ ሲል የባልቴቷ ጎረቤቷ የዶኛ ቶማሳ አፍንጫ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ፤ ዶኛ ቶማሳ ራሳቸው ተከተሉት።

«ልጄ፣ ይሄ የሚሸተው ምሳ ነው?»

«አይ ዶኛ ቶማሳ፣ የሚሸተው ሮቶዬ ነው።»

«እኔ ከንጋት ጀምሮ ጣፋጭ ሳማስል ምሳ የምጥድበት ምድጃ አጣሁ። የልጅ ልጆቼ ስኳር ልሰው ልሰው ግድግዳ ሊወጡ ነው። ጨው ያለው ነገር ብታቀምሺኝ ጌታ ይከፍልሻል።»

ዮካስታ ቀና አለች። የመንደሩ ምድጃ ሁሉ በጣፋጭ ተይዟል፤ ምሳ ያበሰለ ማንም የለም።

«ጌታ ሥራ ይበዛበታል፤ እርስዎ ይክፈሉኝ። ደረቅ ቦሎቄ ተርፎዎታል?»

«አንቺ! በጾም ትነግጃለሽ?»

«ጾሙን እርስዎ ይያዙት፣ ቦሎቄውን ለኔ ይስጡኝ።»

ባዶ የማርጋሪን ዕቃዎቿን ሁሉ አውጥታ ጨው ያለውን ቦሎቄ ሞላች። ኤሊሂዮ ለቅጣቱ በሞተሩ በር ለበር ዞረ፤ ወጡን እየሰጠ ጥሬ ቦሎቄ ተቀበለ። ምሳ ሰዓት ሲያልፍ መጀመሪያ ከነበራት የበለጠ ይዞላት ገባ፤ ግማሹ ካምና የከረመ፣ እንደ ጠጠር የማይበስል ቢሆንም። እስኪመሽ ቀቀለችው፣ ፈጨችው፣ ስኳሩን፣ ኮኮናቱንና ወተቱን ጨመረች፣ ስኳር ድንቹንና ዘቢቡን በተነችበት፣ በቀረፋና በቅርንፉድ መዓዛ ሰጠችው።

አርብ ጠዋት ጣፋጩ ደረሰ፤ መሸጫ ዕቃ ግን የለም። በመንደራችን ከቤት የወጣ ዕቃ ተሰደደ ማለት ነው። «ዕቃ ይዛችሁ ኑ!» ብላ መንገድ ዳር ጮኸች። የራሳቸው ጣፋጭ ያረረባቸው ዶኛ ቶማሳ ከከተማው ሰው ቀድመው ተሰለፉ።

«ሙዪልኝ።»

«ይሄ የኔ ዕቃ አይደል?»

«ነው እንጂ። አጥቤዋለሁ።»

ከፈሉ፣ ይዘውትም ሄዱ።

ድስቱ ማታ ባዶውን አደረ፤ ከፋሲካ በኋላ ጥቁሩ ሮቶ ጣሪያው ላይ ወጣ። ኤሊሂዮ «የኔ ነጭ ሽንኩርት ባይኖር...» እያለ ይደባብሰዋል። ዮካስታም ለከርሞ ቦሎቄዋን ዘርታለች፤ የቀራት ዕቃ ብቻ ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ማድቤትህን ፈትሽልኝ ብላለች። ክዳኑ ላይ በምስማር ኮከብ የተጫረበት ቢጫ የማርጋሪን ዕቃ ካገኘህ፣ እባክህ መልስላት። ከነክዳኑ!