ለጉም የተገዛው ምንቸት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት መምህር ጥላዬ አንድ መጋዝና አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ሰጡኝ። «መጋዙ ለሚያይህ ሰው ነው፤ ሣጥኑ ለሥራህ ነው» አሉኝ። ሣጥኑን ስከፍተው አጉሊ መነጽር፣ የፈረስ ኮቴ የመሰለ ማግኔት፣ ትንሽ የነሐስ ሚዛንና ስብርባሪ የመስተዋት ቱቦ አገኘሁ። ትምህርት ቤት ማለት ይኼው ነበር።

ጊዜው ጣሊያን አንኮበር ላይ የሠፈረበት ነው። ተማሪ ቤቶች ተዘግተዋል። አገሩን እንዲገዛ የተሾመው የጣሊያን ሹም፣ ሬዚደንት የምንለው፣ ለአገሬው ልጅ የሚፈቅደው ተግባረ ዕድ ብቻ ነበር፤ በርጩማ፣ መጥረጊያ፣ ገመድ። መምህር ጥላዬ ከወረራው በፊት አዲስ አበባ የተፈጥሮ ትምህርት ያስተምሩ ነበር፤ እኔም የእሳቸው ተማሪ ነበርኩ። ፈቃዱን በተግባረ ዕድ ስም አወጡና ሣጥኑን ከበርጩማዎቹ ኋላ ሸሸጉት። የእኔ ማዕረግ ረዳት ተባለ። ጠዋት እንጨት አስቆርጣለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሣጥኑን አስነካለሁ።

«አስነካለሁ» ያልኩት አውቄ ነው። የመምህር ጥላዬ ሕግ አንዲት ናት፦ ያልነካ አይናገርም። ስለ ማንሻ ስናስተምር ግንድ ላይ ረጅም አጠና አጋድመን፣ ከተማሪዎቹ ሁሉ የቀለለው ልጅ መምህሩን እንዲያነሣቸው አደረግን። መምህሩ ቀላል ሰው አልነበሩም። ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ላይ ሲወጡ «ቀስ፣ ቀስ» ይሉ ነበር፤ ልጆቹ ግን ማንሻን ከዚያ በኋላ አልረሱትም።

እኔ በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። የወታደር ጫማ ድምፅ ሲሰማ ሣጥኑ ይዘጋል፣ ሁሉም የበርጩማ እግር ያነሣል። አንዷ በርጩማ እግር ሲገባላትና ሲወጣላት ከረመች፤ የተቀመጠባት ሰው የለም።

ከተማሪዎቻችን ግማሾቹ የአንኮበር ልጆች ነበሩ። አራቱ ግን ከአልዩ አምባ የሚወጡ የነጋዴ ልጆች ናቸው። አልዩ አምባ ከእኛ በታች ቁልቁለቱ ላይ ነው። ሰኞ ይወጣሉ፣ ለዓርብ ጁምዓ እንዲደርሱ ሐሙስ ይወርዳሉ። የሚያድሩት መምህር ጥላዬ ግቢ ነው። እስላምና ክርስቲያን አንዱ የሌላውን ሥጋ ስለማይበላ ምግባቸውን በራሳቸው ዕቃ ይሠራሉ። ከአራቱ ሙሔ የሚባለው የጨው ነጋዴው የሐጂ ኑርዬ ልጅ ነው። እጁ የተባረከ ነበር፤ እኔ ሁለቴ የማስረውን ገመድ እሱ አንዴ ያስረዋል።

አንድ ሰኞ፣ ክረምት ነው፣ ግቢያችን እርስ በርስ እስከማንተያይ ተሸፍኖ አራቱ ረጥበው ደረሱ። አንዱ የአንኮበር ልጅ «ዛሬ ጉሙ ከበደ» አለ።

«ጉም አይደለም፣ ደመና ነው» አለው ሙሔ። «ከቤት ስንነሣ እላያችሁ ላይ ተጋድሞ እያየነው ነበር። ገብተንበት ነው የመጣነው።»

«ደመና ሰማይ ላይ ነው። እኛ ሰማይ ላይ ነን እንዴ?»

ክርክሩ ለቡጢ ትንሽ ሲቀረው መምህር ጥላዬ ገቡ። «ያልነካ አይናገርም» አሉ።

«ነክቼዋለሁ፤ ይኸው ጋቢዬ ረጥቧል» አለ ሙሔ።

መምህሩ ይህ መልስ ደስ አላቸው። «እንግዲያው እንሠራዋለን። ውሃ አፍልተን እንፋሎቱን እናቀዘቅዘዋለን፤ የሚሆነውን ታያላችሁ» አሉ። ችግሩ ዕቃ ነው። የመስተዋቱ ቱቦ ተሰብሯል። በሠፈራችን እንፋሎት በሸምበቆ ወስዶ የሚያቀዘቅዝ ዕቃ ያላት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እትዬ አስካለ፣ አረቄ አውጪዋ። ልጇ ተማሪያችን ስለሆነ ሳትለመን አዋሰችን። ምንቸቱን በአመድና በግራዋ ቅጠል አጠብነው፤ በሸምበቆው የፈላ ውሃ አሳለፍንበት። አሸተትኩት፤ ምንም አይሸትም።

ትምህርቱ አማረ። ምንቸቱ ፈላ፣ እንፋሎቱ በሸምበቆው አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተነከረው ገንቦ ገባ፣ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። የመጀመሪያውን ጠብታ የቀመሰው ሙሔ ነው። ሐሙስ ዕለት እየዘለለ ወረደ። ለአባቱ ምን እንደሚነግር አንዳችንም አላሰብንም።

በሚቀጥለው ሰኞ ከአልዩ አምባ የመጣ ልጅ አልነበረም። ማክሰኞ አንድ ገበያተኛ ወሬውን አመጣልን፦ «ልጆቹን አረቄ ማውጣት አስተማራችኋቸው አሉ። ሐጂ ኑርዬ ተቆጥተዋል። በቅሎ እያስጫኑ ነው፤ ጣሊያኑ ዘንድ ለአቤቱታ ሳይወጡ አይቀሩም።»

በዚያ ዘመን ጣሊያን እስላሙንና ክርስቲያኑን ማጣላት ይወድ ነበር። የተከበረ ሐጂ ከሬዚደንቱ ፊት ቆሞ «ልጄን አረቄ አጠጡት» ካለ ግቢያችን ይበረበራል፤ ሣጥኑ ይገኛል፤ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ መምህር ጥላዬም ታስረው ወዴት እንደሚወሰዱ እግዜር ይወቅ።

«ሣጥኑን እንቅበረው» አልኳቸው።

«ሣጥኑን ቀብረን እኛስ የት እንገባለን? ይልቅ ግቢውን ጥረግ፤ ሐጂ ወደኛ ከመጡ ንጹሕ ቤት ይግቡ» አሉኝ።

«ወደኛ ባይመጡስ?»

መጥረጊያውን አቀበሉኝ።

ሮብ ጠዋት ጉሙ ትንሽ ገለጥ ሲል ሐጂ ኑርዬ ሽቅብ ሲወጡ አየናቸው፤ እሳቸው በቅሎ ላይ፣ ሙሔ በእግሩ። መንገዱ ከተማው መግቢያ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ የቀኙ ወደ ሬዚደንቱ ግቢ፣ የግራው ወደ እኛ። መምህር ጥላዬ አጥሩን ይዘው ቆሙ። በቅሎዋ መገንጠያው ላይ ቆመች። ከዚያ ወደ ግራ ዞረች።

ሐጂ ከወረዱ በኋላ በርጩማ አቀረብኩላቸው። ደግነቱ፣ እግር ያላትን ነው ያቀረብኩት።

«አሰላሙ አለይኩም። መምህር፣ ልጄን የሰጠሁዎ አረቄ እንዲያወጣ ነው?»

«ሐጂ፣ የወጣው ውሃ ነው። ዕቃውንም አጥበነዋል» አሉ መምህሩ።

«ልጁም ውሃ ነው ብሎኛል። ዕቃው ግን የማን ነው?»

«የአስካለ።»

«ልጠይቅዎ። ሁዳዴ ሲገባ የሥጋ ወጥ የተሠራበትን ድስት አጥባችሁ የጾም ሽሮ ትሠሩበታላችሁ?»

«የለም። የጾሙ ድስት ለብቻው ነው።»

«ታዲያ የኔ ልጅ ከአረቄ ጾሙ ዓመቱን ሙሉ ነው።»

ይህን የሚያህል ግልጽ ነገር፣ የጾም ድስት ባለበት ቤት ያደግን ሁለት ሰዎች አላየነውም። መምህሩ ተነሥተው እጅ ነሡ። «ጥፋት ነው፣ ሐጂ» አሉ።

ሐጂ ከበቅሎዋ ጭነት አዲስ ምንቸት አወረዱ። ቀጥለው ክዳን፣ ገንቦና ያልተነካ ሸምበቆ አወጡ። መጨረሻ ላይ ከኮርቻ ከረጢታቸው ስባሪ አሞሌ ጨው መዘዙ። «ልጄ አልዋሸ እንደሆነ በዚህ አሳዩኝ» አሉ። ውሃ አስቀዱ፣ ጨዉን በገዛ እጃቸው አሟሙተው ቀመሱት፤ ፊታቸው ተጨማደደ። «ይህን የሚጠጣ አድርጉልኝ። ካልሆነ የቀኙን መንገድ አልረሳሁትም።»

መምህሩ ምንቸቱን ሊጥዱ ሲሉ ሙሔ እጃቸውን ያዘ። «የኔታ፣ ሳይሟሽ?» እውነቱን ነው፤ አዲስ ሸክላ ሳይሟሽ እሳት ላይ ከወጣ ይሰነጠቃል። ሐጂ ሳቃቸውን ሊደብቁ ጢማቸውን አሹ። የአንኮበሮቹ ልጆች ጎመንዘር ወቅጠው አመጡ፣ ሙሔ ምንቸቱን ውስጡን አሽቶ አሟሸው። በመጨረሻ ክዳኑን በጭቃ ለቅልቀን ጣድነው። እንጨቱ እርጥብ ነበርና ጭሱ ከአጥር በላይ ወጣ።

ጭሱ ይሁን ወሬው ያመጣው እንጃ፣ የሬዚደንቱ አስተርጓሚ ከአንድ ወታደር ጋር በሩ ላይ ቆመ። እኔ የበርጩማ እግር አንሥቼ ነበር፤ በርጩማዋ ግን አጠገቤ አልነበረችም።

«ምንድን ነው የሚፈላው?» አለ አስተርጓሚው።

«ምንቸቴ ነው» አሉ ሐጂ ከተቀመጡበት ሳይነሡ። «ከገበያ ገዝቼው፣ ይችል እንደሆነ እያስፈተንኩት ነው።»

«ሸምበቆውስ?»

«እንፋሎት መውጫ ነዋ። ካልተነፈሰ ክዳኑን ይጥላል።»

አስተርጓሚው ወደ ገንቦው አየ፣ ወደ እኛም አየ። «ሐጂ አቤቱታ አለዎት ሲባል ሰምተን ነበር።»

«ነበረኝ። ለባለቤቶቹ ነግሬያቸዋለሁ።»

ሄዱ። ሐጂ የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው፤ ውሸት አንድም ቃል የለበትም። እኔን ዛሬም የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነው፤ ያኔ ከሸምበቆው ገና ምንም አልወጣም ነበር። ልጃቸው እውነቱን ይሁን ውሸቱን ሳያውቁ ነው ከለላ የሆኑን።

መምህሩ ሊያመሰግኑ አፋቸውን ሲከፍቱ አቋረጧቸው። «ከእናንተ ጋር የምጣላው እኔ ነኝ፤ ባዕድ ምን አገባው? እሳቱን አታጥፉት።»

ጠብታው መጣ። መጀመሪያ አንዲት፣ ከዚያ ተከታትሎ። ሲጠራቀም ሙሔ በዋንጫ ቀድቶ ለአባቱ በሁለት እጁ ሰጠ። ሐጂ «ቢስሚላህ» ብለው ጎንጨት አሉ። አፋቸው ውስጥ ያዝ አድርገው ቆዩ። ዋጡት። ደግመው ጠጡ።

«ጨው የለውም» አሉ። «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ አልዋሸም። ጨዌስ የት ገባ?»

«ያልነካ አይናገርም፣ ሐጂ» አሉ መምህር ጥላዬ።

ውሃው እስኪያልቅ ጠበቅን። ምንቸቱ በረድ ሲል ክዳኑን አነሣን፤ ከታች ነጭ ቅርፊት ይዟል። ሐጂ በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው ቀመሱና ከት ብለው ሳቁ። «የኔው ነው። አውቀዋለሁ።» ቀጥለው «ይህን ነገር በረሃ ላይ ለግመል ነጂዎቼ ባደርገው ደግ ነበር፤ ግን እንጨቱ ከየት ይምጣ?» አሉ።

«እሱን ገና አልደረስንበትም» አሉ መምህሩ። ሁለቱም ሳቁ። እኔ ወደ ጓሮ ዞሬ ግድግዳ ተደግፌ ከደስታ ብዛት ብቻዬን ሳቅኩ።

ሲሄዱ ምንቸቱን ተዉልን። «አረቄም ሥጋም አይንካው» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ የጾም ምንቸት ሆነ። ለአስካለ የእሷን ስንመልስላት ወሬውን ሰምታ ነበርና «እኔኮ ብትጠይቁኝ ኖሮ አዲስ ግዙ እላችሁ ነበር» ብላ ተቆጣችን። ልክ ነበረች።

ሐጂ በቅሎ ላይ ወጥተው ጉሙ ውስጥ ሲገቡ አንዱ የአንኮበር ልጅ ተከትሏቸው ሮጠ። «ሐጂ፣ ጉም ነው ደመና?»

«ከታች ሳየው ደመና ነበር፤ አሁን ጉም ነው። ውሃ እንደሆነ ግን ቀምሻለሁ» አሉት።

ሰኞ አራቱም መጡ። ጠላት ከወጣ በኋላ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ እኔም ደብረ ብርሃንና ሰላ ድንጋይ ለብዙ ዓመት በዚሁ ሥራ ላይ ቆየሁ። የመስተዋት ቱቦም ደረሰኝ። ቢሆንም በየሄድኩበት መጀመሪያ የምገዛው ምንቸት ነበር።

ለአዲስ መምህራን የምላቸው ይህን ብቻ ነው። ልጅ የነካውን ሁሉ ይዞ ቤቱ ይገባል። ከማስነካታችሁ በፊት ቤቱን እወቁ።