በጎን የቆመው መስታወት

ሕዝቅኤል፣ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ባለው ፀጉር ቤቱ ሰው ሲያስተካክል ነው ፀጉሩ የሸበተው። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ግን የደንበኛ ጭንቅላት የሚደግፍበት ግራ እጁ ደረቱ ላይ ተጨብጦ ቀርቷል። ጣቶቹን ለማላቀቅ ሚስቱ ትሩፋት ትታገላለች።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ «በመስታወት ይሥሩ» ስትለው ሳቀባት። ዕድሜውን ሙሉ መስታወት ፊት የቆመን ሰው ስለ መስታወት ልታስተምረው! ሳትጨርስ «ገባኝ» አላት። የራሱን መስታወት ከፀጉር ቤቱ አስነቅሎ ላፍቶ ያለው ቤቱ ድረስ አስመጣና፣ እንደለመደው ከፊት ለፊቱ ግድግዳው ላይ አሰቀለው።

በየጠዋቱ የሚያየው የተጣመመ አፉንና ያንኑ የተጨበጠ እጁን ነው። «ተከፈት!» ብሎ ይጮህበታል። እጁ ይብሱን ይገተራል።

አንድ ቅዳሜ አብሮት የሚሠራው ወጋየሁ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው መጣ።

«ጋሽ ሕዝቅኤል፣ እግዜር ይማርዎ። ያው ወንበርዎ ባዶ ሲሆን ደንበኛ እየሸሸ ነው። አንድ ሠራተኛ አግኝቻለሁ፤ መስታወቱን እንኳ ቢመልሱልኝ...»

«ተስካሬን በልተህ ነው የመጣኸው?»

«ኧረ እኔ እንደሱ አልወጣኝም!»

«ውጣልኝ! ብርቱካንህንም ይዘህ ውጣ!»

ወጋየሁ ብርቱካኑን ትቶ ወጣ። ሕዝቅኤል አንዱን አንስቶ መስታወቱ ላይ ሊወረውር ሲል ትሩፋት ቀድማ መስታወቱን ከግድግዳው አወረደችው።

«ስጪኝ፣ ልሰባብረው!»

«ባለሙያዋ በጎን አቁሙት ስትል ነው ያቋረጥካት እኮ! አንተ ሰው፣ መቼ ነው የምትሰማው?»

መስታወቱን ጠረጴዛው ላይ በሁለት እጆቹ መካከል በጎን አቆመችው። ግራ እጁን ጎትታ ከመስታወቱ ጀርባ ደበቀች፤ ቀኙን ከመስታወቱ ፊት አስቀመጠች።

«እያየህ ክፈት፣ ዝጋ።»

እየተንጨረጨረ ከፈተ። የቀኙ ምስል መስታወቱ ውስጥ ሲዘረጋ ልክ ግራ እጁን ነበር፤ ድሮ የሚያውቀው፣ ጤነኛው። ፊቱን ወደ መስታወቱ አስጠጋ። ዘጋ፤ ደግሞ ከፈተ።

እጁ ያን ቀን አልተፈታም። ክረምቱ ሲወጣ ግን አውራ ጣቱ ላላ አለ። ትሩፋት ማበጠሪያ አስያዘችው። ማበጠሪያው ጥቂት ቆየና ከእጁ ወደቀ።

ልታነሳው ስታጎነብስ ሕዝቅኤል ጮኸ፤ «እሱን ተዪው! መጀመሪያ ለወጋየሁ ደውዪለት። ሠራተኛው እስክመጣ ይሥራ፤ ወንበሩ ግን የኔ ነው በይው። መስታወቱን ገና አልጨረስኩበትም!»