ብርክ የያዘው መጽሐፍ ጠራዥ

ይህን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ትቼዋለሁ። የአጎቴን ኀፍረት ለአንድ ቃል ማብራሪያ ማዋል ነውር መስሎ ታየኝ። እሱ ራሱ «ምን ቸገረህ፣ ጻፈው» ባይለኝ ኖሮ እንደተተወ ይቀር ነበር።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ በአንድ ማተሚያ ቤት ሠላሳ ዓመት መጽሐፍ ጠርዟል። የአውራ ጣቱ ጥፍር በደረቀ ሙጫ ቢጫ ሆኗል። ከጎኑ ይሠራ የነበረው ወረቀት ቆራጭ የልብ ወዳጁ ነበር፤ ከቁመቱ የተነሣ «መሰላል» ይሉታል።

«አምፖል ሲቃጠል የምንጠራው አንተን ነው» ይለዋል አጭሩ አጎቴ።

«አንተን ደግሞ መርፌ ከጠረጴዛ ሥር ሲወድቅ።»

አንድ ቀን አለቃቸው ልኩን አሳስቶ ነገረውና መሰላል የአንድ ሺህ የትምህርት መጻሕፍትን ጽሑፍ ከነኅዳጉ ጎመደው። አለቃው «እንዲህ አላልኩም» ብሎ ካደ። ትእዛዙን የሰማው አጎቴ ብቻ ነበር።

በዚያ ቤት ስብሰባ ቃል ያለው ሰው ይነሣል፤ መቀመጥ «የለኝም» እንደ ማለት ነው። የመጻሕፍቱ ጥፋት ለስብሰባ ቀርቦ ሰብሳቢው «ትእዛዙን የሰማ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ አጎቴ ተነሣ። አለቃው ዞር ብሎ አየው። አጎቴ ያን ጊዜ ሦስት ሕፃናት ያሳድግ ነበር። ጉልበቱ ይብረከረክ ጀመር፤ የወንበሩን መደገፊያ ቢጨብጥም መቆም አቃተው፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ጸሐፊው «ምስክር የለም» ብሎ ጻፈ። መሰላል በዚያው ሳምንት ከሥራ ተሰናበተ። ዕቃውን ሰብስቦ ሲወጣ አጎቴን «አይዞህ» ብቻ አለው። ዳግመኛ አልተያዩም፤ ከዓመታት በኋላ መሞቱን ሰማ።

እኔ በክፍል ውስጥ እጄን ለማውጣት እንኳ የምሳቀቅ ተማሪ ነኝ። መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ፣ ጽኑ ፍርሃትን የምንጠራበት «ብርክ» በግእዝ ጉልበት ማለት እንደሆነ አገኘሁ፤ «ተንበረከከ»ም ዘመዱ ነው። ለአጎቴ መድኃኒት ያገኘሁ መስሎኝ እየሮጥሁ ሄድሁ።

«ጋሼ፣ የጥንት ሰዎች ይህን ፍርሃት የሰየሙት በጉልበት ነው እንጂ በልብ አይደለም። ጉልበት ደግሞ ሲከዳ ሰውን አያማክርም።»

ክሩን በመርፌው ቀዳዳ እያሾለከ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ጥሩ ቃል ነው» አለ። «ግን የእኔ ልጅ፣ የከዳኝ ጉልበቴ ነው፤ ምላሴ ደህና ነበር። ተቀምጬም መናገር እችል ነበር።»



ቃሉ አጎቴን ነጻ አያወጣውም። ሰበብ በእጁ ሲያኖሩለት ያልተቀበለ ሰው ግን፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ እውነተኛ መባል ይገባዋል።