መሃል ላይ ያለው ጉብታ
በምላሱ ጤፍ የሚቆላው ሻጭ ዕድሜውን የፈጀው ውድ መኪና በመሸጥ ነው። ሞተሩ የፊቱን ጎማ ያዙር የኋላውን፣ ገዢዎቹ ደንታም አልነበራቸውም፤ ወንበሩን ዳብሰው ይፈርማሉ።

አንድ አባት ብቻ፣ በኋላ ጎማ የምትነዳዋ መኪና ወለል መሃል ላይ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ የሚያልፍበትን ጉብታ አይቶ፣ «መሃል የምትቀመጠው ልጄ እግሯን የት ታድርግ?» ብሎ በፊት ጎማ የምትነዳዋን፣ ወለሏ ዝርግ የሆነውን መረጠ።

ከዓመታት በኋላ ያው አባት መኪና ሊቀይር መጣ። ሻጩ አለመርሳቱ አኩርቶት፣ ሰውየው የለበሰውን ጥቁር እንኳ ልብ ሳይል፣ «ጌታዬ፣ ጉብታ የሌላትን ላሳይዎት» አለ እየተጣደፈ።

አባትየው ጉብታ ያላትን መኪና የኋላ በር ከፍቶ ወለሏን አየ።

«ይቺም ትሆነናለች ወንድሜ» አለ። «ከእንግዲህ መሃል የሚቀመጥ የለንም።»