ልጄ ያልለቀቃት ሽልንግ

ከጨንቻ ወርጄ አርባ ምንጭ የቀበሌ ምግብ ቤት ሳስተናግድ የገጠመኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ መጀመሪያ ያነበብኩት የግድግዳውን ማስታወቂያ ነው፦ «ጉርሻ ገንዘብ የተቀበለች አስተናጋጅ ትባረራለች።» የለጠፉት የቀበሌው ሊቀመንበር ናቸው። በማግስቱ ራሳቸው ዓሣ በልተው ሲወጡ፣ ያዘልኩትን ልጄን ሽልንግ አስጨበጡት። ክው አልኩ።

«ጓድ፣ ኧረ እንዳልባረር! ክልክል ነው ብለው የለም እንዴ?»

«ላንቺ ማን ሰጠሽ? ልጅሽ አስተናጋጅ ነው እንዴ?» ብለው እየሳቁ ሄዱ።

እየፈተኑኝ ይሆን? ልጄስ ቢውጣት? ሮጬ ልመልስ ብል ጨብጦ አለቅም አለ።

ጠዋት ስገባ ከማስታወቂያው ሥር በሊቀመንበሩ የእጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ተጨምሯል። ፊደል በፊደል አነበብኩት፦ «የታዘለ ሕፃንም አይቀበልም።»