የሉልሰገድ ቀኝ ጎን

ሉልሰገድ ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። ፒያሳን በባለ ሦስት እግር ሞተር እያዞረ ሲያስጎበኝ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ከሞተሯ ሌላ ሥራ አያውቅም፤ በዚህ ዕድሜው ሌላ ሥራ የሚሰጠውም የለም። ዘንድሮ የካቲት አሥራ አምስት መንጃ ፈቃዱን ለማሳደስ የዓይን ምርመራ ነበረበት። ቀኝ ዓይኑ ደግሞ አያይም። ይህን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር፤ በኋላ እኔ አወቅኩ።

ያወቅኩት ከሞተሯ ነው። መካኒክ ነኝ፤ ጋራዤ ከራስ መኮንን ድልድይ ወረድ ብሎ ነው። ሞተሯ ከወታደር ቤት በጨረታ የወጣች የሩሲያ ሥሪት ናት። በቀኝ ጎኗ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ሳይድካር ተገጥሞላታል፣ ከነጂው ኋላ ደግሞ ሌላ ሰው ይቀመጣል። ድሮ እንጨት ያመላልስባት ነበር። አንድ ቱሪስት በሆነ የመዝናኛ ደሴት እንዲህ ባለች ሞተር የባሕሩን ዳርቻ ተከትሎ ሲጎበኝ የተነሳውን ፎቶ አሳየው። ሉልሰገድ ፎቶውን አገላብጦ አየና «እኛ ባሕሩ ነው የጎደለን እንጂ ሞተሯማ አለች» አለ። በሳምንቱ እንጨቱን አራግፎ ሳይድካሩን ቀይ ቀለም አስቀባኝ።

በጥቅምት የሳይድካሩን ፓራፋንጎ፣ የጎማውን ጭቃ መከላከያ፣ አቀናሁለት። በኅዳር ደገመው። በታኅሣሥ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያመጣው ሜትር አወጣሁ። ሦስቱም ጭረት በአንድ ጎን፣ ከመሬት አርባ ሳንቲም ላይ ነው። ቸኩሎ የሚነዳ ሰው በየትም በኩል ይጋጫል። ይሄ ግን በቀኝ ብቻ ነው፣ ያውም ከቆመ ነገር ጋር። ቀስ ብሎ፣ ምንም ፍሬን ሳይዝ የሄደበት ጭረት ነው።

«እስቲ አሥራ ሦስት ቁልፍ አቀብለኝ» አልኩት።

ቁልፉ ከቀኝ ጉልበቱ አጠገብ መሬት ላይ ነው ያለው። በግራው በኩል ፈለገ። ከዚያ አንገቱን እስከ ትከሻው ድረስ አዞረና አገኘው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ምኑ?»

«ሉሌ፣ ሞተር ነው የምጠግነው እንጂ ሞኝ አይደለሁም።»

ቁልፉን በጨርቅ ጠረገው። ቆሻሻ አልነበረበትም። «ካለፈው ፋሲካ። ግላኮማ ነው አሉኝ። ቀኙ ሄዷል። ግራው መሃል መሃሉን ያያል፣ ዳር ዳሩ ጠፍቷል።»

«እና ሰው ጭነህ ትነዳለህ።»

«ፒያሳን በዓይን ነው እንዴ የምነዳው? ከጊዮርጊስ በሁለተኛ ማርሽ እነሳለሁ። ወርቅ ቤቶቹ ጋ ስደርስ የሞተሯ ድምፅ ይጠባል። ኬክ ቤቱን በጠረኑ አውቀዋለሁ።»

«ግማሹ ፈርሷል እኮ።»

«የፈረሰውንም አውቀዋለሁ።»

አቁም አልኩት። ላቁምና ምን ልሁን አለኝ። እህቱ ወይኒ ከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ ና እኔ ጋ ተቀመጥ ትለዋለች። እሱ እሪ በከንቱ ሰፈር፣ ካልፈረሱት ቤቶች በአንዱ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነው ያለው። «አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ወንበር ይዤ፣ እሷ ከሥራ እስክትመጣ ውሃ ልጠማ?» አለ። «እስከ የካቲት ተወኝ። ከዚያ እነሱ ያስቆሙኛል። እኔ ራሴን ማስቆም አልችልም።»

የሞተሯን ሻማ ፈትቼ ኪሴ ብከተው ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እኔ ግን የመካኒክ መላ አመጣሁ፦ ከኋላው ተቀምጬ ቀኝ ዓይኑ ልሁን። ቀኝ ትከሻውን አንዴ ከነካሁት ወደ ግራ ራቅ ይላል፣ ሁለቴ ከነካሁት ያቆማል። ጎብኚዎቹ ይሄ ማነው ብለው ሲጠይቁት «ሞተሯ ስላረጀች ሐኪሟን ይዛ ነው የምትዞረው» ይላቸዋል። ይስቃሉ። መላው ሠራ። ሰባት ሳምንት ምንም ሳንነካ ዞርን፤ የሚሠራ ነገር ደግሞ ትክክል ይመስላል።

የካቲት አምስት ጠዋት ራኬብ የምትባል መምህርት እናቷን ይዛ መጣች። እናትየው ወይዘሮ አባይነሽ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ እሪ በከንቱ ነው የኖሩት። ቤታቸው ሲፈርስ ከልጃቸው ጋር ራቅ ያለ ሰፈር ገቡ። ራኬብ ሞተሯ አጠገብ ቆማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችን።

«ሳትነግረኝ ሁለት ጊዜ ታክሲ ይዛ መጥታ ቤቷን ስትፈልግ ሰው ነው ያገኘልኝ። አንዴ በደንብ ትየውና ይውጣላት ብዬ ነው። እኔ እዚህ ማኪያቶ እየጠጣሁ እጠብቃችኋለሁ።»

ወይዘሮ አባይነሽ ሳይድካሩን ዞረው አዩት። «ይሄ ነገር መኪና ነው ገንዳ?»

«ይግቡና እርስዎ ይፍረዱ እትዬ» አላቸው ሉልሰገድ።

ገቡ። ሄልሜቱን ደፉ። ከዚያ አንገታቸውን አቅንተው ተመለከቱት። «አንተ የማን ልጅ ነህ?»

«የአጽብሐ። የልብስ ሰፊው።»

«የአጽብሐ? አባትህ እኮ የሰርግ ቀሚሴን አጥብቦ መተንፈስ ከልክሎኛል። ጸሎት ቤት ውስጥ ልወድቅ ነበር።»

«እኔንም እንደዚያው ነው ያሳደገኝ እትዬ።»

ከምኒልክ አደባባይ ተነሳን። የባቡሩ ድምፅ ከኋላችን ቀረ። ሉልሰገድ መግለጫውን ጀመረ። ትክክለኛ አስጎብኚ ነው፤ ዓመተ ምሕረት አያበዛም፣ ማን የት ሱቅ እንደነበረው፣ ማን የማንን ልጅ እንዳገባ ይናገራል። ያን ቀን ግን ሲናገር የነበረው በቀኝ በኩል ስላለው ነበር፤ ወይዘሮ አባይነሽ የተቀመጡት በቀኝ ነዋ።

«በቀኝዎ ፎቶ ቤቱ» ይላል።

«አዎ፣ ከሱ ቀጥሎ ጫማ ሰፊው» ይላሉ።

«ከጫማ ሰፊው በላይ፣ ፎቁ ላይ፣ ጥርስ ሐኪሙ።»

«የሚያስጮኸው። አዎ።»

በቀኝ የነበረው የብረት አጥርና ሣር ነው። እኔ አያለሁ። ሁለቱ ግን እየተቀባበሉ፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው እየጨረሰ ወረዱ። ወይዘሮ አባይነሽ ጉንጫቸው ቀላ፣ መዝሙር ማንጎራጎር ጀመሩ። እኔም ደስ አለኝ፤ መካድ አልችልም።

እሪ በከንቱ ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ እጃቸውን አወጡ።

«መይሙና ሱቅ ጋ ወደ ቀኝ ግባ።»

«ከሱቁ በፊት ነው ወይስ ካለፍነው በኋላ?»

«አልፈኸው ነው እንጂ። ረሳኸው እንዴ?»

እኛ ሰፈር መንገድ በስሙ ወይም በቁጥሩ የሚያመለክት የለም። ያለውን ነገር ተናግሮ ነው፤ ከሌለም የነበረውን። የመይሙና ሱቅ ከፈረሰ ዓመት አልፎታል፤ ግን ሦስታችንም የት እንደሆነ አውቀናል። ሉልሰገድ ፍሪሲዮኑን ይዞ ማርሽ ቀነሰ። መሪውን ወደ ቀኝ ሰበረ።

«ያውና የቤቴ በር» አሉ ወይዘሮ አባይነሽ ወደ ላይ እየጠቆሙ። «ሰማያዊው።»

ቀና ብዬ አየሁ። ልጅ ሆኜ ያንን በር አውቀዋለሁ፤ ኳሳችን ሲገባባቸው አይመልሱልንም ነበር። በሩ የለም። እኔ ግን በዓይኔ ፈለግኩት። ሁለት ሰከንድ ይሆናል። ሦስታችንም የሌለ በር እየተመለከትን ነበር።

ትከሻውን ሁለቴ ስነካው ዘግይቷል። ለውሃ መውረጃ የተቆፈረ ቦይ ነበር። ሪባን ተወጥሮበታል፣ ምልክት ቆሞበታል፤ የጎደለ ነገር የለም። የሳይድካሩ ጎማ ገባ፣ መሪው ከሉልሰገድ እጅ አምልጦ ዞረ፣ ሦስተኛው እግሯ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ሞተሯ በጎኗ ተኛች። እኔ በሉልሰገድ ላይ ወደቅኩ። ወይዘሮ አባይነሽ በቀኝ እጃቸው ሲደገፉ የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁት።

ጉድጓዱ ውስጥ ሆነው፣ ሄልሜታቸው ግንባራቸው ላይ ተንሸራትቶ፣ «ደረስን እንዴ?» አሉ።

ትራፊክ ፖሊሷ የመጣችው ወይዘሮ አባይነሽን ወዳደረስንበት፣ እዚያው አቅራቢያ ያለ ክሊኒክ ድረስ ነው። ወጣት ሳጅን ናት፤ በእርጋታ የምትጽፍ። እሷ ነርሷን ስታነጋግር ሉልሰገድ ኮቴን ጎትቶ ወደ ደረጃው ወሰደኝ።

«ፍሬኑ እምቢ አለ በል።»

«ፍሬኑን ትናንት ነው ያሰርኩት።»

«አውቃለሁ። በል ብቻ። እምሩ፣ በእናትህ።» ወደ ሳጅኗ ዞሮ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፍሬን ካልክ የምትታገደው ሞተሯ ናት፤ ትጠገናለች። ዓይን ካልክ የምታገደው እኔ ነኝ። እኔን የሚጠግን የለም።»

ፍሬን ብል የእኔ ጋራዥ ስም ነው የሚጠፋው፤ ግን እሱን አይደለም ያሰብኩት። ዓይኑ ሆኜ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ምን ብዬ እምቢ ልበለው። በልቤ እሺ ብዬው ነበር።

ስንመለስ ወይዘሮ አባይነሽ ክንዳቸው በፋሻ ታስሮ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ሉልሰገድ በግራቸው ተቀመጠ። ሳጅኗ ገና ሳትጠይቅ እሳቸው ጀመሩ።

«ልጁን አትንኩት። ግባ ያልኩት እኔ ነኝ። መይሙና ሱቅ ጋ ግባ አልኩት፣ ገባ። ምን አጠፋ?»

«የቱ ሱቅ እማማ?»

«የመይሙና ነዋ።»

ሳጅኗ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። «ፈርሷል» አልኳት።

ራኬብ ያኔ ነው የደረሰችው። የእናቷን ክንድ አየች፣ ሳጅኗ የጻፈችውን ሰማች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

«እማዬ፣ በቃ። ከእንግዲህ ብቻሽን ከበር አትወጪም። ጠዋት ስወጣ ቆልፌ ነው የምሄደው።»

«ልትቆልፊብኝ?»

«ምን ላድርግ? የሌለ ሱቅ ጋ ሰው ታስገቢያለሽ። አንድ ቀን ትሞቺብኛለሽ።»

ወይዘሮ አባይነሽ የታሰረ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉት። «እውነቷን ነው» አሉ ለሳጅኗ። «ዞሮብኛል መሰለኝ። የሌለ ነገር አይቼ ሰው ልፈጅ ነበር።»

ሳጅኗ ይህንንም ልትጽፍ ብዕሯን አነሳች። ሉልሰገድ ወይዘሮ አባይነሽ በተቀመጡበት በኩል አያይም። ለማየት መላ አካሉን ማዞር ነበረበት። ዞረ።

«እኅቴ» አላት ራኬብን፣ እያየ ያለው ግን እናቷን ነው። «እናትሽ ምንም አልሆኑም። ሰው ቤቱን ያስታውሳል። ጉድጓዱን ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ አላየሁትም። ቀኝ ዓይኔ አያይም። ዓመት ሊሞላው ነው።»

ሳጅኗ ብዕሯን አስቀመጠች። «እያወቁ?»

«እያወቅኩ።»

ከቀኝ በኩሉ ሦስት ጣት አወጣች። «ስንት ነው?»

«እጅሽን አነሳሽው እንዴ ልጄ?»

ከዚያ በኋላ ምንም የሚደበቅ አልነበረም። ከኋላ ተቀምጬ እንደምመራው እኔም ተናገርኩ፤ ተጻፈብኝ። መንጃ ፈቃዱን ከቦርሳው አውጥቶ ሰጣት። የላስቲክ ሽፋኑ ከካርዱ ጋር ተጣብቆ ነበር፣ ሲስበው ተቀደደ። «ይቅርታ» አላት፣ ስለ ሽፋኑ።

ራኬብ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ ነበር። «እናቴን ለማያይ ሰው ነው የሰጠኋት» አለች፤ ለማን እንደተናገረች አላውቅም። የመቆለፉን ነገር ግን ደግማ አላነሳችውም። ረስታው ይሁን ትታው፣ እሱንም አላውቅም።

ሉልሰገድ ከወይዘሮ አባይነሽ አንድ ቃል ጠብቆ ነበር። ተነስተው፣ በደህናው እጃቸው የልጃቸውን ትከሻ ይዘው፣ በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«የአጽብሐ ልጅ፣ ፎቶ ቤቱን ስትለኝ አታየውም ነበር?»

«አላየውም ነበር እትዬ።»

«እኔ እኮ የምታየው መስሎኝ ነው አብሬህ ያየሁት» አሉና ወጡ።

ሞተሯን የጭነት መኪና ወሰዳት። እኛ በእግር ወጣን። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ ነው፣ ሰው በሰው ላይ ነው። ክንዴን ሰጠሁት፣ ገፋው። አሥራ ስምንት ዓመት ይህን መንገድ የለካው በማርሽና በሞተር ድምፅ ነው፤ በእግሩ ርቀቱ አልገጥም አለው። አዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ መሃል ቆመ። አንድ ሰውዬ በቀኝ በኩል ገጨውና «ዓይን የለህም እንዴ?» ብሎት አለፈ።

«የት ነው ያለነው?» አለኝ።

ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ፊት ለፊቴ ያለውን ንገረኝ። የነበረውን አይደለም።»

«ሣር» አልኩት። «የመብራት ምሰሶ። የድንጋይ ወንበር፣ አንዲት ሴት ተቀምጣ ስልክ ታወራለች።»

«አላውቀውም።»

«ከወንበሩ ቀጥሎ ባንክ አለ። መስታወት በመስታወት የሆነ ፎቅ ነው።»

«አላውቀውም። ከዚያስ?»

«ከዚያ አጥር ነው። ከአጥሩ ኋላ የሚታይ ነገር የለም፣ ሰማይ ነው።»

«እሱንም አላውቀውም» አለ። እጁን ዘርግቶ አየሩን ዳሰሰና ክርኔን አገኘው። ጥፍሩ በኮቴ ላይ ተሰማኝ። እንሂድ አልኩት፣ አልተንቀሳቀሰም፤ ክርኔንም አልለቀቀም።